ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ በድረ ገጽ ላይ፦ ብሮውዘር እንዴት ይቆጥራል?

አንድን ድረ ገጽ ስንከፍት ወደ ኮምፒውተራችን የሚደርሰው የተሰናዳ ገጽ ሳይሆን ኤችቲኤምኤል በተባለው ቋንቋ የተጻፈ ጽሑፍ ነው። ይህን ጽሑፍ ወደሚታይ ገጽ የሚለውጠው የብሮውዘሩ ውስጣዊ ክፍል ሞተር ይባላል። ሞተሩ በመጀመሪያ የገጹን ክፍሎች በዛፍ መልክ ያደራጃል፤ ቀጥሎም በሲኤስኤስ የተሰጡትን የቀለም፣ የመጠንና የአቀማመጥ ትእዛዞች ከየቅርንጫፉ ጋር ያዛምዳል፤ ከዚያም የእያንዳንዱን ክፍል ቦታና ስፋት አስልቶ በስክሪኑ ላይ ይስለዋል። የማያውቀው ትእዛዝ ሲያጋጥመው ግን ዘሎት ያልፋል።

ይህ ለፊደላችን ምን ትርጉም አለው? ዝርዝርን በ1፣ 2፣ 3 ወይም በላቲን ፊደል መቁጠር ሞተሮች ከቀድሞ ጀምሮ ያውቁበታል። በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ለመቁጠር ግን ሁሉም የሚቀበሉት የጋራ መንገድ ስላልነበረ ፊደሉን በየመስመሩ በእጅ መጻፍ የተለመደ ነበር። በዚህ መልክ በተዘጋጀ ባለ 20 ጥያቄ ፈተና ውስጥ ከሦስተኛው ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ቢጨመር፣ የተከታዮቹን 17 ጥያቄዎች ምልክት ሁሉ ማረም ግድ ይሆናል።

ለዚህ መፍትሔ የሆነው «ካውንተር ስታይል» የተሰኘው የሲኤስኤስ ደንብ ነው። የድረ ገጹ ሠሪ ፊደላቱን በቅደም ተከተል አንድ ጊዜ ይዘረዝራል፤ ቆጠራው የሞተሩ ሥራ ይሆናል። ሆኖም ሞተሮቹ ደንቡን በአንድ ጊዜ አልተቀበሉትም። የፋየርፎክሱ ጌኮ እ.ኤ.አ. በ2014፣ የክሮሙ ብሊንክ በ2021፣ የሳፋሪው ዌብኪት ደግሞ በ2023 ተቀብለውታል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 9 ዓመታት አልፈዋል ማለት ነው።

የግእዝ ቁጥር ዜሮ ስለሌለው አንዱን አኃዝ በሌላ መተካት ብቻ አይበቃውም። በመሆኑም ደንቡ «ኢትዮፒክ ኑመሪክ» የተባለ ልዩ የአቆጣጠር ስልት ይዟል። ስልቱ ቁጥሩን ከቀኝ ጀምሮ ሁለት ሁለት አኃዝ እያደረገ ይከፍላል። ለምሳሌ 2345 ሲከፈል 23 እና 45 ይሆናል፤ እነዚህም ፳፫ እና ፵፭ ተብለው ተጽፈው በመካከላቸው ፻ ሲገባ ፳፫፻፵፭ ይገኛል።

ይህን ሁሉ በዓይን መመልከት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ለፋየርፎክስ የወጣው ፋየርበግ የገጽን ውስጥ የመመርመር ልማድን አስፋፍቷል፤ ዛሬ መሰል መሣሪያዎች ከብሮውዘሮቹ ጋር አብረው ይመጣሉ። በኮምፒውተር ላይ ክሮምን ወይም ፋየርፎክስን ከፍተን ኤፍ12 የተባለውን ቁልፍ ስንጫን ከላይ የጠቀስነው ዛፍ ይታያል። የአንድን ዝርዝር የአቆጣጠር ስልት እዚያው ለውጠን ውጤቱን ወዲያውኑ ማየት እንችላለን። ገጹ እንደገና ሲከፈት ለውጡ ስለሚጠፋ የሚበላሽ ነገር አይኖርም።

ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም። በእጅ የተጻፈ ቁጥር ለሞተሩ ተራ ጽሑፍ ነው። በዚህም የተነሣ ለዓይነ ስውራን ገጽን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ዝርዝሩ ስንት ነጥቦች እንዳሉት አስቀድሞ ሊነግራቸው አይችልም። ስለዚህ ድረ ገጽ የምትሠሩ ተማሪዎች ቆጠራውን ለሞተሩ እንድትተዉ፣ ሥራችሁንም በሦስቱም ሞተሮች ላይ እንድትፈትሹ እናሳስባለን።