ፊዚክስ የተማረ ሰው ለምን ሥራ ይሆናል?
(በራዲዮ የተነገረ)



ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ወደ ቤቱ በተመለሰ ጊዜ ዘመድ አዝማድ ከእንኳን ደስ ያለህ ቀጥሎ የሚያቀርበው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ ይኸውም «የተማርኸው ምንድን ነው?» የሚል ነው። ሕክምና ወይም ሕግ ያለ እንደ ሆነ ሌላ ጥያቄ አይከተልም። ፊዚክስ ያለ እንደ ሆነ ግን ጠያቂው ጥቂት ዝም ይልና «ታዲያ አስተማሪ ልትሆን ነው?» ይለዋል። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ምን ያህል እውነት፣ ምን ያህልስ ጎዶሎ እንደ ሆነ በዛሬው ንግግራችን ለመግለጥ አስበናል። ለምሳሌነት የምንጠቅሰውም ሩቅ አገር ሳይሆን አዲስ አበባን ከበው የሚገኙትን ሱሉልታን፣ ቡራዩንና ሰበታን ነው። እነዚህ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ውስጥ የተጠቃለሉ ሥፍራዎች፣ ብዙ የመንግሥት ሠራተኛ ጧት ተነሥቶ ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚመጣባቸው፣ ማታም የሚገባባቸው ናቸው።

አስቀድሞ ማስተማርን እንመልከት። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች ከመቶ 70 እጅ የሚሆኑት የተፈጥሮ ሳይንስና የቴክኖሎጂ ተማሪዎች እንዲሆኑ በመንግሥት ተወስኖ ነበር። በዚህም ምክንያት ፊዚክስን የመጀመሪያ ምርጫው ያላደረገ፣ ምደባ ብቻ ያመጣው ወጣት በርካታ ነበር። ሳይወድ የተማረ ሰው ሳይወድ ያስተምራል፤ ሳይወድ ከሚያስተምር መምህር የተማረም ትምህርቱን ይፈራል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 እጅ ብቻ መሆናቸውን ያስታወሰ ሁሉ፣ በጎ የፊዚክስ መምህር ለአገሩ ምን ያህል ተፈላጊ እንደ ሆነ ማስረጃ አያስፈልገውም። እንግዲህ «አስተማሪ ልትሆን ነው?» የሚለው ቃል እንደ ማጽናኛ መነገሩ በእኛ በኩል ተገቢ ሆኖ አይታየንም። ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ በደርግ ዘመን ታስረው ሳሉ እንኳ እስረኞችን ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር፤ በኋላም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር የአንድሬ ሳካሮቭን ሽልማት ሰጥቷቸዋል።

ከማስተማር ውጭ ያለውን ለማየት ወደ እንጦጦ እንውጣ። በተራራው ላይ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር የመጠቀችው፣ ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ያህል የነበረችው የመጀመሪያዪቱ የኢትዮጵያ ሳተላይትም ምስሏን ትልክ የነበረው ወደዚሁ ወደ እንጦጦ ነው። ከተራራው ማዶ በሱሉልታ ሜዳ ደግሞ ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ ስልክና ቴሌቪዥን በሳተላይት የሚያገናኝ የምድር ጣቢያ ተተክሏል። እንዲህ ያለ ጣቢያ ከትልቅ ከተማ ጋራ በተራራ መጋረዱ ይጠቅመዋል፤ ከ35,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚመጣው ሞገድ እጅግ ደካማ ስለ ሆነ የከተማው የሞገድ ጫጫታ በቀላሉ ይውጠዋልና። ድምፃችን ወጥቶ እስኪመለስ ሩብ ሰኮንድ ያህል የሚዘገየው ለምን እንደ ሆነ፣ ዝናብ ሲጥል መስመሩ ለምን እንደሚዳከም አስልቶ የሚናገረው ፊዚክስ የተማረ ሰው ነው።

የመሬት ነውጥ ጉዳይም በዚሁ ይጠቃለላል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የተነሣው ነውጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ፎቁን ባነቃነቀ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ መልስ ይጠብቅ የነበረው ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ባለሙያዎች ነበር። ይህ የምርምር ጣቢያ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በአባ ፒየር ጉዋን አማካይነት የተቋቋመው በ1950 ዓ.ም. ግድም፣ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ነው። ከተማችን ለመሬት መግነጢስ ወገብ ቅርብ መሆኗ ሥፍራውን በዓለም ተፈላጊ አድርጎት ነበር።

ወደ ቡራዩ ስንሻገር ለአዲስ አበባ ቧንቧ ከቆዩት ምንጮች አንዱ የሆነውን የገፈርሳን ግድብ እናገኛለን። ውሃ በ10 ሜትር ከፍታ ልዩነት የአንድ ከባቢ አየር ያህል ግፊት ይጨምራል፤ ስለዚህ ከከፍታ ወደ ቆላው ሰፈር የሚወርድ ውሃ ግፊቱ በየደረጃው ካልተሰበረ ቧንቧ ያፈነዳል፤ ከልክ በላይ ከተሰበረ ደግሞ ኮረብታ ላይ ያለው ሰፈር ይጠማል። የቧንቧው ሥራ በእርግጥ የመሐንዲስ ነው። የግፊት መለኪያው፣ የድፍርስነት መለኪያው፣ የፍሰት መለኪያው ግን እውነት መናገሩን የሚመረምር ሰው ያስፈልገዋል።

ይህ ነገር ወደ ሥነ ልክ ያመጣናል፤ ሰፊ ሆኖ ሳለ ብዙ የማይወራለት ሙያ ነው። የኢትዮጵያ የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ከቀድሞው የጥራትና ደረጃዎች ባለ ሥልጣን ተለይቶ በ2003 ዓ.ም. ተቋቁሟል። በሰበታ ያለው የሜታ ቢራ ፋብሪካ ቴርሞሜትር ቢሳሳት የቢራው ጣዕም ሊለወጥ ይችላል፤ የነጋዴው ሚዛን በመቶ ግራም ቢያጭበረብር ድኻ ይጎዳል፤ የሆስፒታሉ የደም ግፊት መለኪያ ቢዋሽ በሽተኛ ያለ አግባብ መድኃኒት ይውጣል። ኪሎ ግራም ራሱ ግንቦት 12 ቀን 2011 ዓ.ም. በፓሪስ አጠገብ ተቈልፎበት በኖረ የብረት ቁራጭ መመዘኑ ቀርቶ፣ ፕላንክ በተባለው ሊቅ ስም በሚጠራው የተፈጥሮ ቁጥር እንዲተረጐም ሆኗል። የአንድ ኪሎ ሥጋ ነገር ከዚህ ቁጥር ጋራ እንዴት እንደሚያያዝ ማስረዳት የፊዚክስ ምሩቅ ድርሻ ነው።

በሰበታ ሌላም አለ። ከጊቤ ሁለት ማመንጫ በ400,000 ቮልት የሚመጣው ኤሌክትሪክ የሚያርፈው በሰበታ ማከፋፈያ ጣቢያ ነው። ቮልቴጁ ይህን ያህል የሚያድግበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ለአንድ ዓይነት ኃይል ቮልቴጅ እጥፍ ሲሆን ጅረቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ በሽቦ ውስጥ በሙቀት የሚባክነውም ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ ኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድም የሚነሣው ከዚሁ ከሰበታ ሲሆን፣ 750 ኪሎ ሜትር ያህል መስመሩን በ25,000 ቮልት ይጓዛል። የባቡሩ ሥራ ከቻይናውያኑ ወደ ኢትዮጵያውያንና ወደ ጅቡቲያውያን እጅ የተላለፈው በ2016 ዓ.ም. ነው።

ስለ ሕክምና ፊዚክስ ሳንናገር ማለፍ አይገባም። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዘመን የካንሰር በሽተኞች ይታከሙ የነበረው በኮባልት 60 ጨረራ ነበር። ኮባልት ኃይሉ በ5 ዓመት ከመንፈቅ ባልሞላ ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ ይኸውም በየወሩ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ማለት ነው። ስለዚህ በመስከረም ለሁለት ደቂቃ የተሰጠው ጨረራ በሰኔ ለዚያው ለሁለት ደቂቃ ቢሰጥ በሽተኛው ከሚገባው ከመቶ ዘጠኝ እጅ ያህል ያነሰ መድኃኒት ያገኛል፤ ዕጢውም ሳይሞት ሊቀር ይችላል። አብዝቶ ቢሰጥ ደግሞ ጤናማው ሥጋ ይቃጠላል። ሐኪሙ መጠኑን ያዝዛል፤ ደቂቃውን የሚያሰላው፣ መሣሪያውን የሚለካው የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ነው። ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት አዳዲስ መሣሪያዎች በመጡበት ጊዜ እንኳ ጧት በሽተኛ ከመግባቱ በፊት ጨረራውን መለካት አልቀረም። ለዚህ ሥራ ግን የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ አይበቃም፤ ሁለተኛ ዲግሪና በሆስፒታል ውስጥ የሚደረግ ልምምድ ያስፈልጋል።

ሜትሮሎጂው፣ የከርሰ ምድር እንፋሎት ፍለጋው፣ የጨረራ ቍጥጥሩም ለየራሳቸው ሰፊ ንግግር የሚገባቸው ናቸው።

ታዲያ ሥራው ይህን ያህል ከሆነ ምሩቁ ለምን በር ለበር ይዞራል? አንዱ ምክንያት፣ አድማጮቻችን ሆይ፣ በእናንተው ጠረጴዛ ላይ ያለ ነው። ክፍት የሥራ መደብ ማስታወቂያ ሲረቀቅ ተፈላጊው የትምህርት ዓይነት ብዙ ጊዜ ከአሮጌው ማስታወቂያ እየተገለበጠ ይጻፋል፤ «ኤሌክትሪካል ምሕንድስና፣ መካኒካል ምሕንድስናና ተዛማጅ» ይላል። የፊዚክስ ምሩቅ ማመልከቻውን ይዞ በቀረበ ጊዜ መዝጋቢው «ተዛማጅ አይደለም» ብሎ ይመልሰዋል፤ ቃሉ በወረቀቱ ላይ የለምና። የላቦራቶሪ፣ የመለኪያ፣ የመረጃ ትንተና መደቦች የሥራ መዘርዝር በሚከለስበት ጊዜ ግን ሥራው የሚጠይቀው ዕውቀት ተመርምሮ የትምህርቱ ስም በግልጥ ሊገባ ይችላል።

ምሩቁም በበኩሉ የሚጎድለው አለ። ብዙው ቀመሩን በቃሉ ያውቃል፣ መሣሪያ ግን በእጁ አልዳሰሰም። ፓይተን የተባለውን የኮምፒዩተር ቋንቋ፣ የመለኪያ ስሕተት አያያዝንና አንድ ገጽ ሪፖርት አጣርቶ መጻፍን ሳይመረቅ በፊት የተለማመደ እንደ ሆነ፣ ከባንክ የመረጃ ክፍል እስከ ሰበታ ማከፋፈያ ጣቢያ ድረስ ለፈተና የሚቀርብበትን ያገኛል። ይህን ለመማር ዩኒቨርሲቲው እስኪያዘው መጠበቅ የለበትም፤ ከአራተኛው ዓመት ይልቅ በሁለተኛው ዓመት ክረምት መጀመሩ ይሻለዋል።