ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ክፉና ደጉን አይለይም?

በአዳማ፣ በሞጆ ወይም በሻሸመኔ ጎዳና ብቻውን እያወራ የሚሄድ ሰው ሲያይ መንገድ የሚቀይር ብዙ ነው። «አእምሮው የታወከ ሰው ክፉና ደጉን አይለይም፤ ከመግደልም አይመለስም» ይባላል። አባባሉ ግን ትክክል አይደለም።

እንደ ስኪዞፍሬንያ ያለ ሕመም የያዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ መግደል ነውር መሆኑን ያውቃል። ሕመሙ የሚያዛባበት በዙሪያው ያለውን እውነታ ነው። ሌላው የማይሰማው ድምፅ ይሰማዋል፤ ጎረቤቱ ምግቡን እንደመረዘበት አንዳች ሳይጠራጠር ያምናል። እጁን ቢያነሣ ራሱን ከገዳይ ያዳነ ይመስለዋል። «ነፍሴን ላድን» ማለቱ ከማናችንም አይለይም፤ ጠላቱ ግን የለም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ሰውየው መታመሙን ብቻ አይቶ ነፃ አያወጣውም። አንቀጽ 48 ድርጊቱን በፈጸመበት ጊዜ በሕመሙ ምክንያት የድርጊቱን ምንነት ወይም ውጤት መረዳት ተስኖት እንደሆነ፣ ተረድቶም ቢሆን ራሱን መግዛት አቅቶት እንደሆነ ይጠይቃል። ከሁለቱ አንዱ ከተረጋገጠ በወንጀል ኃላፊ አይሆንም። ችሎታው በከፊል የቀነሰውን አንቀጽ 49 ይመለከተዋል። ጥርጣሬ ሲኖር ፍርድ ቤቱ የባለሙያ ምርመራ ያዛል። ለሕዝብ አስጊ የሆነው ደግሞ ዝም ብሎ አይለቀቅም፤ በተገቢ ተቋም ተጠብቆ እንዲቆይ ይታዘዛል።

ከሕመምተኞቹ አብዛኞቹ ማንንም አይነኩም። አደጋው ከፍ የሚለው ሕመሙ ሳይታከም ሲቀር፣ መድኃኒት ሲቋረጥ፣ ጫትና መጠጥ ሲታከልበት ነው። ከመቂና ከባቱ ማዶ ባለችው ቡታጅራ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው ከሌላው ነዋሪ ይበልጥ የጥቃት ሰለባ ይሆናሉ። በየመንደሩ በድንጋይ የሚባረሩትና በሰንሰለት የሚታሰሩት እነሱ ናቸው።

ስለዚህ ወንድም ወይም ልጅ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ሰውን ያለ ምክንያት ሲጠራጠር፣ ከማይታይ ሰው ጋር ሲነጋገር አትጠብቁ። በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ውሰዱት። «ሊገድሉኝ ነው» ሲል ክርክር አትግጠሙት፤ በለዘበ ድምፅ አነጋግሩት፣ ስለታም ነገር ከአጠገቡ አርቁ። ፀበል የሚጠመቅም ከሆነ መድኃኒቱን አያቋርጥ። ሰንሰለት ሕመሙን አያክመውም፤ ሰውየውንም ሆነ ጎረቤቱን ከአደጋ የሚጠብቀው በጊዜ የተጀመረና ያልተቋረጠ ሕክምና ነው።