ከፍ ያለ መኪና መሪው ስለ ምን ይታወካል?

ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣውና እስከ ዘመናችን ድረስ የሚሠራው 70 የሚባለው የላንድክሩዘር ዘር፣ ሁለቱ የፊት ጎማዎቹ በአንድ ድፍን አክስል ተያይዘው የሚሄዱ በመሆናቸው፣ ቆላውንም ደጋውንም ያለ ሥጋት የሚመላለስ ጽኑ መኪና ነው። ባለቤቱ ግን ከዚህም የበለጠ ጽናት ሽቶ፣ ሞላውን በረጅም ሞላ ለውጦ ቁመቱን 50 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ካደረገውና ትልቅና ሰፊ ጎማ ካገባለት በኋላ፣ ትናንት በሁለት ጣት ይታዘዝ የነበረው መሪ ዛሬ በደልዳላው አስፋልት ላይ ሲዋልል፣ ጕድጓድ በነካ ቍጥር ሲያፈነግጥ፣ አንዳንድ ጊዜም ክንድ በሚያዝል ኃይል በድንገት ሲንቀጠቀጥ ይገኛል። ጋራዥ ሲገባ ታይሮድ ይለወጥለታል፣ የመሪ ሾክ ይገዛለታል፣ አላይመንት ይሠራለታል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ደዌው ተመልሶ ይመጣል። ይህም የሚሆነው ጥፋቱ ከአንዱ ዕቃ ሳይሆን፣ ዕቃዎቹ እርስ በርሳቸው ከነበራቸው ሥርዐት መፍረስ የመጣ ስለ ሆነ ነው፤ ስለዚህ መርማሪው «የትኛው ዕቃ አረጀ?» ብሎ ከመጠየቁ አስቀድሞ «መኪናው ከፍ ሲል የትኛው ማዕዘን ተዛባ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ከማዕዘኖቹም ሁሉ የሚቀድመው ካስተር የሚባለው ዝንባሌ ነው። የፊት ጎማ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞርበት ዐምድ ቀጥ ብሎ የተተከለ አይደለም፤ ራሱ ጥቂት ወደ ኋላ፣ እግሩ ጥቂት ወደ ፊት ያዘነበለ ነው፤ ብስክሌትን ከጎን የተመለከተ ሰው በፊት ሹካው ላይ ይህንኑ ዝንባሌ ያየዋል። የዐምዱ መሥመር ወደ ታች ቢቀጠል መሬትን የሚነካው ጎማው ከሚረግጥበት ነጥብ ቀደም ብሎ በመሆኑ፣ ጎማው ዘወትር ከመዞሪያው በስተ ኋላ እየተጎተተ ይሄዳል፤ የሚጎተትም ነገር ከጎታቹ በስተ ኋላ ርቱዕ ሆኖ መሰለፍ ጠባዩ ስለ ሆነ፣ የተጠመዘዘ መሪ እጅ ሲላላለት በራሱ ወደ ማዕከሉ ይመለሳል። የጎማው ራዲየስ 400 ሚሊሜትር፣ ዝንባሌው 3 ዲግሪ ቢሆን፣ በሁለቱ ነጥቦች መካከል የሚገኘው ርቀት 21 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የዚያ ሁሉ ብረት ቀጥ ብሎ መሄድ የቆመው የአውራ ጣት ወርድ በምታህል በዚህች ርቀት ላይ መሆኑን ሳስብ መደነቄን አልተውም።

በሞላ የሚቆመው አክስል ከኋላው ባለው ሻሲ ላይ በሁለት ክንዶች ተያይዟል። ሻሲው ከፍ ሲል የክንዱ የፊት ጫፍ ከኋላው ጫፍ አንጻር ዝቅ ይላል፤ አክስሉም ከክንዱ ጋር ጸንቶ የታሰረ ስለ ሆነ አብሮት ይዞራል፣ ወደ ኋላ ያዘነበለውም ዐምድ ራሱን ወደ ፊት ያነሣል። ክንዱ 1 ሜትር ቢረዝም፣ የ50 ሚሊሜትር ከፍታ 3 ዲግሪ ገደማ ያዞረዋል፤ እንግዲህ ያች 21 ሚሊሜትር ፈጽማ ጠፋች ማለት ነው። ከመታጠፊያ ወጥቶ መሪው በራሱ አልመለስ ያለው፣ በቀጥታውም መንገድ ላይ ያለ ዕረፍት ማቅናት የሚያስፈልገው ሾፌር በዚህ ደዌ የተያዘ መኪና ይነዳል። የአላይመንት ማሽን ካስተሩን አንብቦ ይነግረዋል እንጂ በዚህ ዐይነት አክስል ላይ የሚያስተካክልበት ቡሎን የለውም፤ ፈውሱ ቀዳዳው ከመካከሉ ፈቀቅ ያለ ቡሽ ወይም ለከፍታው ተብሎ የተሠራ ክንድ ነው። በባሌስትራ በሚቆመው በቀድሞው ዐይነት ላይ ደግሞ በአክስሉና በባሌስትራው መካከል የሚገባ የብረት ሽብልቅ ይህንኑ ሥራ ይሠራል።

ጕድጓድ ላይ የሚያፈነግጥ መሪ ግን ሌላ መንሥኤ አለው። አክስሉ ወደ ጎን እንዳይሸሽ ከሻሲው ጋር በአግድም የሚያስረው ፓናር የሚባለው ዘንግና፣ ከመሪው ሳጥን ተነሥቶ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ፣ ሲሠሩ ትይዩ ሆነው፣ በርዝመትም ተቀራርበው ነው፤ አክስሉ ሲወጣና ሲወርድ ሁለቱ ጫፎች አንድ ዐይነት ቅስት ስለሚሄዱ ጎማው ሳይዞር ይቀራል። መኪናው ከፍ ሲል ሁለቱም አብረው ያዘነብላሉ፤ አሁን አንድ ሰው የመሪውን ዘንግ ብቻ ለማቅናት ብሎ ከመሪው ሳጥን በታች ያለውን ክንድ በረጅም ቢለውጠውና ፓናሩን እንዳዘነበለ ቢተወው፣ ሁለቱ ቅስቶች ይለያያሉ፤ ከዚያ በኋላ ሾፌሩ እጁን ሳያንቀሳቅስ መንገዱ ራሱ ጎማውን ያዞርበታል። ይህ በቅን ልቡና የሚሠራ ስሕተት ነው፤ ሁለቱን አብሮ ከማውረድ ወይም ሁለቱንም ከመተው በቀር መድኃኒት የለውም።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን መንቀጥቀጡ ነው፤ ይህም ደዌ አዲስ አይደለም። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በድፍን አክስል የሚሄዱ መኪናዎች በፈጠኑ ቍጥር ያስቸግር የነበረ ነው፤ ከሮልስ ሮይስ ወደ ካዲላክ የመጣው ብሪታንያዊው መሐንዲስ ሞሪስ ኦሊም የደከመበት፣ ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1934 በመኪናዎቹ ላይ የፊት ጎማዎችን ለየብቻ የሰቀለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። በኃይል የሚሽከረከር ጎማ ወደ ጎን ሲያዘነብሉት ባዘነበሉት አቅጣጫ ብቻ አይሄድም፤ ዞሮ ወደ ሌላ ወገን የመታጠፍ ጠባይ አለው። በድፍን አክስል ላይ አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲወጣ ሁለቱም ስለሚያዘነብሉ ሁለቱም ይታጠፋሉ፤ መታጠፋቸውም መልሶ አክስሉን ያዘነብለዋል። ዲያሜትሩ 80 ሴንቲሜትር የሆነ ጎማ በሰዓት 80 ኪሎሜትር ሲሄድ በሰከንድ 9 ጊዜ ገደማ ይዞራል፤ የዙሩ ቍጥር አክስሉ በተፈጥሮው ከሚወዛወዝበት ቍጥር ጋር ሲቀራረብ፣ ባላንሱ የጎደለ ጎማ ወይም የላላ መገጣጠሚያ ነገሩን ይጀምረዋል፤ ኃይሉንም ከመኪናው ጉዞ ስለሚመገብ ፍጥነቱ እስኪቀንስ አያባራም። በዚያን ጊዜ ሾፌሩ መሪውን አጽንቶ ይዞ፣ እግሩን ከነዳጅ አንሥቶ፣ ቀስ በቀስ ፍጥነቱን ማብረድ አለበት።

የመሪ ሾክ በመለወጥ ይህን አድናለሁ የሚል መካኒክ ደዌውን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም፤ ሾኩ ውዝዋዜውን ያቀዘቅዛል፣ የላላው ግን ከሥሩ እየላላ ይሄዳል። ስለዚህ ሾክ በመጨረሻ እንጂ በመጀመሪያ አይገዛም።

ምርመራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። ጎማዎቹ መሬት ረግጠው፣ ፍሬኑ ተይዞ፣ ሞተሩ ሲሠራ፣ አንዱ መሪውን ጥቂት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዘውዛል፤ ሌላው ከሥር ሆኖ ጣቱን በየመገጣጠሚያው ላይ ያኖራል፤ ዐይን ያላየውን ጣት ያገኘዋልና። የፓናሩ ቡሎን የሚያልፍበት ቀዳዳ ክቡ ጠፍቶ ሞላላ ሆኖ ከሆነ፣ ጠርዙ እንደ ተወለወለ ያብረቀርቃል፤ ከዳዶው ሥርም ቀይ የዝገት ዱቄት ይታያል። የመሪው ሳጥን በሻሲው ላይ ሲነቃነቅ ከታየ ደግሞ ከሥሩ የሻሲው ብረት ተሰንጥቆ እንደ ሆነ ማየት ይገባል። ከዚያ ጎማው በክሪክ ተነሥቶ ከላይና ከታች ተይዞ ይወዘወዛል፤ ክፍተት ካለ ረዳቱ ፍሬን ይርገጥ፤ ሲረግጥ ክፍተቱ ከጠፋ ያረጀው የጎማው ኩሽኔታ ነው፣ ካልጠፋ ግን የመዞሪያው ዐምድ ኩሽኔታ ነው። ቸርኬን ወደ ውጭ የሚያወጣ ስፔሰር ካለም ለጊዜው ይውለቅ፤ ጎማውን ከመዞሪያው እያራቀ የመንገዱን ምት ሁሉ በመሪው ላይ ያከብደዋልና።

የላላው ከጠበቀ በኋላ ካስተሩ ይስተካከላል፣ ዘንጎቹ ትይዩ ይሆናሉ፤ ሁለቱ ጎማዎች ከፊት ጥቂት ሚሊሜትር ጠበብ የሚሉበት ልክ የሚለካው ግን ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ የተለካ እንደ ሆነ በኋላ የሚነካው ክንድና ዘንግ ሁሉ ያፈርሰዋል።