«ወይ ኳሱ፣ ወይ እኔ!»

ዛሬ የኳስ ወሬ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። እህቶቼ፣ ገጹን እንዳትገለብጡት! ነገሩ ላይ ላዩን ኳስ ይምሰል እንጂ ውስጡ የትዳር፣ የእንጀራና የእናት ጉዳይ ነው።

ይኸውላችሁ፣ ባለፈው ክረምት አንድ አብሮ አደጌ ደወለልኝና ጎፋ መብራት ኃይል ኮንዶሚኒየም አካባቢ አንዲት ሻይ ቤት ተገናኘን። ስሙን አልጠራም፤ የሰፈሩ ልጅ ያውቀዋል። 26 ዓመቱ ነው፣ አጥቂ ነው። የሚጫወተው ግን በቴሌቪዥን በምናየው ፕሪሚየር ሊግ አይደለም። ከሱ ዝቅ ብሎ ከፍተኛ ሊግ፣ ከዚያም ዝቅ ብሎ አንደኛ ሊግ የሚባል አለ። የሱ እንጀራ እዚያ ነው። በስድስት ዓመት አራት ክለብ ቀይሯል።

ማኪያቶውን ሳይነካው «ቁርጤን ነገረችኝ» አለኝ።

«ማን?»

«እሷ ናታ! ወይ ኳሱ፣ ወይ እኔ አለችኝ።»

እሷን አውቃታለሁ። ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ፣ ጨዋ የሰፈራችን ልጅ ናት፤ አራት ዓመት ጠብቃዋለች። ለአንድ ወገን ብቻ መፍረድ ስለማልወድ በማግስቱ እሷንም አነጋገርኳት። «እኔ ኳስ ጠልቼ መሰለህ?» አለችኝ። «በዓመት አስር ወር ሌላ ከተማ ነው። ደሞዝ ሲቀርበት የትራንስፖርት ብር የምልክለት እኔ ነኝ። ሽማግሌ ላክ ስለው ይቺ ሲዝን ትለቅ ይለኛል። ስንት ሲዝን ነው የምጠብቀው?»

እውነቷን ነው። አምና የነበረበት ክለብ የሦስት ወር ደሞዝ ሳይከፍለው ነው የተለያዩት። የታችኛው ሊግ ክለቦች አብዛኞቹ የከተማ አስተዳደርን በጀት ጠብቀው የሚያድሩ ናቸው። በጀቱ ከዘገየ ወይ ካለቀ፣ መጀመሪያ የሚቀረው የተጫዋቹ ደሞዝ ነው። በዚያ ላይ ጉልበቱን ያመዋል። እናቱ ዛሬም እንጀራ ጋግረው እየሸጡ ነው፤ «ልጄ ኳስ ተጫዋች ነው» ሲሉ ግን ፊታቸው ይበራል።

ታዲያ ልጁ መልስ አያጣም። «ቫርዲስ?» ይላችኋል። «ቫርዲ በኔ ዕድሜ የት ነበር?»

እኔም የምሰጠው መልስ እንዳላጣ ብዬ የሰውዬውን ታሪክ አስታወስኩት። ጄሚ ቫርዲ የሼፊልድ ልጅ ነው። በ16 ዓመቱ የከተማው ትልቅ ክለብ ሼፊልድ ዌንስዴይ «አጭር ነህ» ብሎ አሰናበተው። ስቶክስብሪጅ የምትባል ትንሽ ክለብ ገብቶ በሳምንት 30 ፓውንድ ይከፈለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 በጠብ ምክንያት ፍርድ ቤት ቀርቦ እግሩ ላይ የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ ታሰረለት። የሰዓት እላፊው እንዳይደርስበት ጨዋታው ሳያልቅ ወደ ቤቱ የሚሮጥበት ቀን ነበር! እ.ኤ.አ. በ2010 ሃሊፋክስ፣ በ2011 ፍሊትዉድ፣ በ2012 ደግሞ በአንድ ሚሊዮን ፓውንድ ሌስተር ገባ። በ26 ዓመቱ ግን ጎል ጠፍቶበት ኳስ ላቁም ሲል አሰልጣኞቹ ናቸው መክረው ያስቀሩት። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ11 ተከታታይ ጨዋታ ጎል፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ፣ በ33 ዓመቱ ኮከብ ግብ አግቢነት። እ.ኤ.አ. በ2025 ከሌስተር ሲሰናበት 500 ጨዋታ፣ 200 ጎል!

ልጁ ዓይኑ በራ። «አየህ!» አለኝ።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም» አልኩት። «ሰውዬው በ30 ፓውንዱ ዘመን ቀን ቀን ፋብሪካ ይሠራ ነበር፤ ለሕሙማን እግርና እጅ የሚታሰር መደገፊያ ያመርት ነበር። ኳሱ እስኪያበላው ድረስ እጁ ያበላው ነበር። አንተን ማን እያበላህ ነው?»

ዝም አለ። እኔም በአፌ ስለመጣልኝ ትንሽ አፈርኩ። እኔስ 12ኛ ክፍል ጨርሼ «ጸሐፊ እሆናለሁ» ስል ስንት ዓመት የእህቴን ምሳ በልቻለሁ?

ወደ ሀገራችን እንምጣ። በ1993 ዓ.ም. ዮርዳኖስ አባይ ለመብራት ኃይል 24 ጎል አስቆጠረ። ያንን ክብረ ወሰን ለመስበር ጌታነህ ከበደ በ2009 ዓ.ም. በ25 ጎል እስኪመጣ 16 ዓመት ፈጀ። በ2013 ዓ.ም. አቡበከር ናስር ለኢትዮጵያ ቡና 29 አገባና ደቡብ አፍሪካ፣ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ግን ጉዳት ከሜዳ አራቀው። ፍቅሩ ተፈራ ደግሞ በደቡብ አፍሪካና በቼክ ሪፐብሊክ ዞሮ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 የሕንድ ሱፐር ሊግን የመጀመሪያ ጎል ለኮልካታ አስቆጠረ። እንግዲህ የአጥቂ ዕጣ እንዲህ ነው። በሩ ከየት እንደሚከፈት አይታወቅም፤ ከተከፈተ በኋላም አንድ ጉልበት ሊዘጋው ይችላል።

ስለዚህ ኳስ ተው አላልኩትም። ተው ብለው ዕድሜ ልኩን ማታ ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብሎ «እኔ ብሆን ኖሮ» የሚል ባል ነው ለልጅቷ የማተርፍላት። አራት ነገር ግን ነገርኩት። አንደኛ፣ ውል ስትፈርም አንድ ቅጂ ይዘህ ውጣ፤ ፌዴሬሽን መመዝገቡንም አረጋግጥ። ያለ ወረቀት ደሞዝ ማስከበር ጉም መዝገን ነው። ሁለተኛ፣ ጉልበትህን ለወጌሻ ብቻ ሳይሆን ለሐኪም አሳይ። ሦስተኛ፣ ሁለቱን የክረምት ወራት አልጋ ላይ አታሳልፍ፤ መንጃ ፈቃድም ይሁን የአሰልጣኝነት ኮርስ፣ አንድ ነገር ያዝ። አራተኛ፣ ለልጅቷ «ይቺ ሲዝን» አትበላት፤ ወርና ቀን ቁረጥላት።

አራተኛው ከበደው። «ቀኑ ደርሶ ባይሳካስ?» አለኝ።

«ያኔ ቃልህን ትጠብቃለህ» አልኩት። «እሷ የጠየቀችህ ጎል አይደለም፣ ቃል ነው።»

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ተገናኝተው ተነጋገሩ። መንጃ ፈቃድ መማር ጀምሯል። አንድ ክለብ አንድ ዓመት አስፈርሞታል፤ የውሉ ቅጂ ግን ያለው ፋርማሲው ውስጥ፣ በእሷ መሳቢያ ነው! የተቆረጠው ቀን ፋሲካ ነው። እስከዚያ ከፍ ያለ ክለብ ካልፈለገው፣ ሲዝኑን ጨርሶ ታኬታውን ይሰቅላል፣ ሽማግሌም ይልካል። ቢሳካለትስ? ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀችና «ያኔም ሽማግሌው አይቀርም» አለችኝ።

እኔ እንግዲህ ፋሲካን እየጠበቅሁ ነው። ከእናንተ መካከል ፍቅረኛውን «ይቺ ዓመት ትለፍ» እያለ የሚያስጠብቅ ካለ፣ ኳስ ተጫዋች ባይሆንም፣ ዛሬውኑ ቀን ይቁረጥ።

ቸር እንሰንብት!