ቸኮሌት በለውዝ በቤታችን፦ ልጆች ከመብላታቸው በፊት ለውዙን እንየው



እዚህ ቤቴል ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትመጡ "ዶክተር፣ በሱቅ ከረሜላ ፋንታ ቤት ምን እንሥራላቸው?" የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። አንዱ ቀላል ነገር ቸኮሌት በለውዝ ነው። ያው ጣፋጭ ስለሆነ አልፎ አልፎ፣ በትንሹ ይሁን።

አሠራሩ፦
👉 2 ብርጭቆ ተቆልቶ የተላጠ ለውዝ እና 200 ግራም ዳርክ ቸኮሌት አዘጋጁ።
👉 ስሎው ኩከር ካላችሁ ቸኮሌቱን በዝቅተኛ ሙቀት አቅልጡ፤ ከሌላችሁ ጎድጓዳ ሳህን የፈላ ውኃ ባለበት ድስት ላይ አስቀምጡ። ውኃ ጠብ ካለበት ይጓጉላል።
👉 ለውዙን ጨምራችሁ አማስሉ፤ በማንኪያ ትሪ ላይ አድርጉና ይቀዝቅዝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር!

⚠️ የባቢሌም ይሁን የሌላ ቦታ፣ እርጥበት ያገኘው ለውዝ ይሻግታል። ሻጋታው ጉበት የሚጎዳ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፤ ቢቆላም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የሻገተ፣ የተጨማደደ ወይም የሚመር ለውዝ ይጣል።

⚠️ ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሙሉ ለውዝም ሆነ ስባሪው አይሰጥ፤ አየር ቧንቧ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ለእሱ ለውዙን አልማችሁ ፍጩለት።

⚠️ ከበላ በኋላ ሰውነቱ ሽፍ ካለ፣ ከንፈሩ ካበጠ ወይም መተንፈስ ካቃተው በፍጥነት ወደ ድንገተኛ ክፍል!

ለውዝ ሲበላ ትን ብሎት ሳሉ ቢተወው እንኳ፣ በኋላ ደረቱ ሲር ሲር ካለ ወይም ሳሉ አልለቅ ካለ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ለውዝ በኤክስሬይ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ "ለውዝ ሲበላ ትን ብሎት ነበር" ማለትን እንዳትረሱ።

ትንሽ ልጅ ላላቸው ሼር አድርጉላቸው። ጤና ይብዛላችሁ!