የአንታሎ ድንጋይና የባሕር ጃርት ዘመዶች

ዋጃ ላይ ቆሞ ወደ ምዕራብ ለሚመለከት ሰው ከራያ ሜዳ ጠርዝ የሚነሣው ተራራ ጥቁር ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ስንጥቅ እየፈሰሰ የተነባበረ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ የባሕር እንስሳ እዚያ ውስጥ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ነገር ግን አላማጣን አልፎ፣ የግራ ካሕሱን ዳገት ወጥቶ፣ በኮረምና በማይጨው በኩል ወደ መቀሌ የሚጓዝ ሰው አዲ ጉደም አካባቢ ሲደርስ የምድሩ መልክ ይለወጥበታል። ጥቁሩ ድንጋይ ይቀርና ነጣ ያለ፣ በንብርብር የተቀመጠ የኖራ ድንጋይ ይመጣል። የባሕር ጃርት ቅሪት የሚገኘው እዚህ ነው።

ይህ ድንጋይ በሥነ ምድር መጻሕፍት የአንታሎ ኖራ ድንጋይ ይባላል። ስሙን ያወጣለት እንግሊዛዊው የሥነ ምድር ተመራማሪ ዊልያም ብላንፎርድ ነው። በ1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ወደ መቅደላ ሲዘምት ብላንፎርድ አብሮ ተጉዟል። ጦሩ በሕንጣሎ (በአንታሎ) አልፎ፣ ከራያ ሜዳ በላይ ያለውን ደጋ ይዞ የአሸንጌን ሐይቅ ታክኮ ሄደ። ብላንፎርድም በመንገዱ ያያቸውን አለቶች በየአገራቸው ጠራቸው፤ አዲግራት፣ አንታሎ፣ አሸንጌ፣ መቅደላ አላቸው። ጦርነት ያመጣው ሰው የሰጣቸው ስሞች ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላም በኢትዮጵያ የጂኦሎጂ ትምህርት ውስጥ አሉ።

የአንታሎ ድንጋይ በመቀሌ ዙሪያ ውፍረቱ ወደ 700 ሜትር ይደርሳል። የተሠራውም ከ160 እስከ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ያኔ ቀይ ባሕር ገና አልተፈጠረም ነበር፤ የአፍሪካን ቀንድ ሸፍኖት የነበረው ከምሥራቅ በኩል የገባ ጥልቀት የሌለው ሞቃት ባሕር ነው። በዚያ ባሕር የኖሩ ኮራሎች፣ ዛጎሎችና የባሕር ጃርቶች አካላቸው ከጭቃው ጋር ተጋግሮ ድንጋይ ሆነ። በዓባይ በረሃ፣ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል በምናቋርጠው ገደል ላይ የሚታየው የኖራ ድንጋይም የዚያው ዘመን ነው። መቀሌ አጠገብ ያለው የመሰቦ ፋብሪካ ሲሚንቶ የሚሠራው ከዚሁ ድንጋይ ነው፤ በዚያ ሲሚንቶ የተለሰነ ግድግዳ ውስጥ የጥንት የባሕር እንስሳት ኖራ አለ ማለት ነው።

ለመሆኑ የባሕር ጃርት ምን ዓይነት እንስሳ ነው? ከየብሱ ጃርት ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ራስ የለውም፣ አንጎል የለውም፣ ደምም የለውም። ክብ ቅርፊት አለው፤ በቅርፊቱ ላይ የሚንቀሳቀሱ እሾኾች ተተክለዋል፤ በእሾኾቹም መካከል ጫፋቸው የሚጣበቅ ቀጫጭን የቱቦ እግሮች ይወጣሉ። አፉ ከሥር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላውም ከባሕር ወለል የሚፍቀውን አልጌ ነው። በአፉ ውስጥ አምስት ጥርሶች በአንድ ውስብስብ መንጋጋ ተይዘው አሉ፤ አሪስቶትል ከ2,300 ዓመት በፊት ስለጻፈበት መንጋጋው እስከ ዛሬ የአሪስቶትል ፋኖስ ይባላል።

በሳይንስ ምደባ የባሕር ጃርት ኤኪኖደርማታ በሚባለው ክፍለ ስፍን ውስጥ ይገባል። የባሕር ኮከብና የባሕር ኪያርም እዚያው ናቸው። የሁሉም የጋራ ምልክት አምስት ቁጥር ነው፦ አካላቸው በአምስት ተከፍሎ በመሐል ነጥብ ዙሪያ ይደረደራል። የሚገርመው ግን እጮቻቸው እንዲህ አለመሆናቸው ነው። ከእንቁላል የወጣው የባሕር ጃርት እጭ እንደ እኛው ግራና ቀኝ ያለው ነው፤ በውኃ ላይ ለሳምንታት ሲንሳፈፍ ቆይቶ ነው ወለል ላይ ወርዶ በአምስት የሚከፈለው። ይህ የእጭ ነገርና ሌላም ብዙ ማስረጃ የሚያሳየው ይህ ወገን ከነፍሳትና ከቀንድ አውጣ ይልቅ ለእኛ፣ አከርካሪ ላለን እንስሳት፣ እንደሚቀርብ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የአንድ የባሕር ጃርት ዝርያ ሙሉ ዘረመል ሲነበብ 23,000 ያህል ዘረመሎች ተገኝተውበታል፤ ብዙዎቹም በሰው ላይ አቻ ያላቸው ናቸው።

በክፍለ ስፍኑ ውስጥ የባሕር ጃርቶች የራሳቸው መደብ አላቸው፤ ኤኪኖይዲያ ይባላል። ዛሬ በሕይወት ያሉት ዝርያዎች 1,000 ያህል ናቸው፤ በቅሪተ አካል ብቻ የሚታወቁት ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። ከአንድ ሳንቲ ሜትር የማይበልጡ አሉ፤ ሰፊ ሳህን የሚያህሉም አሉ። ሁሉም የሚኖሩት ጨዋማ ባሕር ውስጥ ብቻ ነው፤ ወንዝና ሐይቅ ውስጥ አንድም አይገኝም። ስለዚህ በአንድ ድንጋይ ውስጥ የባሕር ጃርት ካገኙ ቦታው አንድ ዘመን ባሕር እንደነበር ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

ታዲያ 1,000 ዝርያ እንዴት ይመደባል? የራያ ገበሬ ማሽላውን ደጋሊት፣ ጅጉርቲ እያለ ሲለይ የሚዘራበትን ጊዜ፣ የእንጀራውን ጣዕም፣ የአገዳውን ጥቅም ያያል። ለሥራው ትክክለኛ ምደባ ነው። የጥንቶቹ የባሕር ጃርት መዳቢዎችም በመልክ ጀመሩ፤ ክቦቹን ‹መደበኛ›፣ ጠፍጣፎቹንና የልብ ቅርጽ ያላቸውን ‹ኢመደበኛ› ብለው ለሁለት ከፈሏቸው። ዛሬ የሚጠየቀው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ማን ከማን ተወለደ? በዚህ ጥያቄ ሲታይ አንዱ ቡድን ይጸናል፣ ሌላው ይፈርሳል።

የሚጸናው ‹ኢመደበኛው› ነው። በጁራሲክ ዘመን መጀመሪያ፣ ከ190 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ አንዳንድ የባሕር ጃርቶች አሸዋና ጭቃ ውስጥ ገብተው መኖር ጀመሩ። ለዚህ ኑሮ ረጅም እሾህ እንቅፋት ነው፤ እሾኹ አጠረ፣ ረቀቀ፣ በዛ። ክቦቹ ዘመዶቻቸው ፊትና ኋላ የላቸውም፣ በፈለጉት አቅጣጫ ይሄዳሉ፤ ቆፋሪ ግን ወደፊት የሚገፋበት ወገን ያስፈልገዋል። በመሆኑም ቀድሞ በአናቱ መሐል የነበረው የፊንጢጣ ቀዳዳ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ሸሸ። የልብ ቅርጽ ያላቸውና የአሸዋ ላይ ጠፍጣፎቹ ሁሉ ከዚያ አንድ ሐረግ የተገኙ ስለሆኑ ቡድኑ እውነተኛ ዘመድ ነው። ‹መደበኛ› የተባሉት ክቦች ግን የጋራ ያላቸው ጥንታዊ መልክ ብቻ ነው። አንዳንዶቹ ክቦች ከሌሎቹ ክቦች ይልቅ ለጠፍጣፎቹ በዝምድና ይቀርባሉ። ክብነት የዝምድና ማስረጃ አይሆንም።

ከክቦቹ ሁሉ የሚለዩት ሲዳሮይድ የሚባሉት ናቸው። እሾኾቻቸው ወፋፍራምና ጥቂት ናቸው፤ በእያንዳንዱ የቅርፊት ሳህን ላይ አንድ ትልቅ ጉብታ አለ፣ እያንዳንዱ ጉብታ አንድ ትልቅ እሾህ ይሸከማል። ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ በፐርሚያን ዘመን መጨረሻ፣ አብዛኛው የባሕር ሕይወት ሲጠፋ የባሕር ጃርቶችም ሊያልቁ ጥቂት ነበር የቀራቸው፤ ዛሬ ያሉት ሁሉ ከዚያ እልቂት ካመለጡ ጥቂት ሐረጎች የወረዱ ናቸው። ሲዳሮይዶች አንዱ ቅርንጫፍ ናቸው፤ የቀሩት፣ ክብም ጠፍጣፋም፣ ሁለተኛውን ቅርንጫፍ ይሞላሉ።

በሁለተኛው ቅርንጫፍ ውስጥ ክቦቹን ለመለየት ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያዩት ጥርስን ነው። የአንዳንዱ ጥርስ በውስጥ በኩል ቦይ አለው፣ የሌላው ደግሞ የሚያጠነክረው ሸንተረር። ዴንማርካዊው ቴዎዶር ሞርተንሰን ከ1928 እስከ 1951 እ.ኤ.አ. በተከታታይ ባሳተመው ታላቅ ሥራ በዘመኑ የሚታወቁትን የባሕር ጃርቶች አንድ በአንድ ገልጿል። ከዚያ ወዲህ የዘረመል ጥናት አንዳንዱን ምደባ አናግቷል፣ ብዙውን ግን አጽንቶታል። ጥርስና ቅርፊትን በትዕግሥት መመልከት ምን ያህል ርቀት እንደሚወስድ ከዚህ ይታየኛል፤ ዘረመል ማንበብ ሳይታሰብ የተደረሰበት እውነት ነውና።

አሁን በእጅዎ የሕንጣሎ አካባቢ ቅሪት አለ እንበል። መጀመሪያ አቧራውን በውኃ ያስለቅቁና በጎን በኩል ፀሐይ እንዲመታው ያዙሩት። ከአናት ወደ ታች የሚወርዱ አምስት ጠባብ መስመሮች ይፈልጉ፤ በመስመሮቹ ግራና ቀኝ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተደርድረዋል። የቱቦ እግሮቹ ይወጡባቸው የነበሩ ቀዳዳዎች ናቸው። በመስመሮቹ መካከል ያሉት ጉብታዎች የእሾህ መትከያ ናቸው፤ ትልልቅና ጥቂት ከሆኑ አንድ ነገር ይነግራሉ፣ ደቃቅና ብዙ ከሆኑ ሌላ። ከዚያ ገልብጠው የአፉን ቀዳዳ ያግኙ፣ ቀጥሎም ሁለተኛውን፣ የፊንጢጣውን ቀዳዳ። ሁለተኛው በአናት መሐል ከሆነ እንስሳው ድንጋይ ላይ እየተንቀሳቀሰ የሚፍቅ ነበር፤ ወደ ጠርዝ ከሸሸ ጭቃ ውስጥ የሚቆፍር ነበር።

ስብርባሪ ብቻ ካገኙም ተስፋ አይቁረጡ። የባሕር ጃርት ቅርፊት እያንዳንዱ ሳህን አንድ ወጥ የካልሳይት ክሪስታል ነው። ሲሰበር በሻካራ ፊት አይሰበርም፤ ለጥ ብሎ ይሰነጠቅና ፀሐይ ላይ ሲያዞሩት በአንድ ማዕዘን ብልጭ ይላል። የዛጎል ስባሪ እንዲህ አያበራም። ቅሪቱን ከቦታው ከማንሣት በፊት ግን ከላይ፣ ከሥርና ከጎን ፎቶ ማንሣት፣ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ መመዝገብ፣ በአቅራቢያ ላለ ዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ ክፍል ማሳወቅ ይገባል። ከንብርብሩ የተለየ ቅሪት ዕድሜውን መናገር ያቅተዋል።

ሕያው የባሕር ጃርት ለማየት ወደ ምሥራቅ፣ አፋርን አቋርጦ ወደ ጅቡቲ ዳርቻ መውረድ ያስፈልጋል። ብዙ የራያና የቆቦ ልጆች ለሥራ ፍለጋ ወደ ሳዑዲ ሲሻገሩ ያን ዳርቻ ረግጠዋል። በቀይ ባሕር በብዛት የሚታወቀው ዲያዴማ የሚባለው ነው፤ ጥቁር፣ እሾኹ በጣም ረጅም፣ ቀጭንና ተሰባሪ። እግር ውስጥ ገብቶ ይሰበራል፣ ያቃጥላል። የተወጋ ሰው ቆዳ በማያቃጥል ሙቅ ውኃ እግሩን ቢዘፈዝፍ ሕመሙ ይቀንስለታል፤ የሚታየውን ስባሪ በጥንቃቄ ማውጣት፣ መገጣጠሚያ ላይ ከገባ ወይም ካበጠ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። በዚያው ባሕር ኤኪኖሜትራ የሚባል ድንጋይ እየቦረቦረ የሚኖር አጭር እሾህ ያለው ዝርያ አለ፤ እንደ እርሳስ የወፈረ እሾህ ያለውም አለ፤ አሸዋው ሥር ደግሞ ጠፍጣፎቹ ተቀብረው ይኖራሉ።

ዝምድናን ማወቅ ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው መልሱ በቅርብ ዓመታት እዚሁ ባሕር ውስጥ ተገኝቷል። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዲያዴማ በሜዲትራኒያን፣ ቀጥሎም በቀይ ባሕር በጅምላ አለቀ፤ እሾኹ ይረግፋል፣ በቀናት ውስጥ ይሞታል። ገዳዩ በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ በካሪቢያን ባሕር በ2022 እ.ኤ.አ. የዲያዴማን ዘመድ ከፈጀው ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። ከዲያዴማ ጋር በአንድ አስተኔ ያለው ኤኪኖትሪክስም አብሮ ሞተ። አጠገባቸው፣ በዚያው ድንጋይ ላይ፣ በዚያው ውኃ ውስጥ የነበረው ኤኪኖሜትራ ግን ተረፈ። በሽታው የመረጠው በዝምድና ነው፤ ስለዚህ የቱ ዝርያ ቀጥሎ ሊሞት እንደሚችል ለመገመት የዘር ሐረጉን ማወቅ ይጠይቃል። ዲያዴማ ሲጠፋ አልጌውን የሚፍቀው ይጎድላል፣ አልጌው በኮራሉ ላይ ይሰፋል፤ በ1983 እና በ1984 እ.ኤ.አ. በካሪቢያን ያው የዲያዴማ ዘመድ ባለቀ ጊዜ በብዙ ቦታ ኮራሉ በአልጌ ተሸፍኖ እስካሁን አላገገመም።