በቆቦና በራያ ቆላ ዘፈኖች የሚገኙ የገጠር ቃላት እንዴት ይፈታሉ?

የባላገር ዘፈን የሚሰበስብ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው የቃላት ችግር ነው። ዜማው ደስ ያሰኘዋል፤ ግጥሙም ዐማርኛ እንደ ሆነ ያውቃል፤ ነገር ግን በመካከሉ አንድ ቃል ይመጣና የስንኙን ምሥጢር ሁሉ ይዘጋበታል። ይህም ችግር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ሴሲል ሻርፕ በ1903 እ.ኤ.አ. በሱመርሴት የገጠር ዘፈን መሰብሰብ ሲጀምር፣ ጆሴፍ ራይት የተባለው ሊቅ ደግሞ ከ1898 እስከ 1905 እ.ኤ.አ. የገጠር ቃላትን መዝገበ ቃላት በስድስት ቅጽ ያሳትም ነበር። ሁለቱን ሥራዎች ጐን ለጐን የሚመለከት ሰው፣ የዘፈን ቃል ቍልፉ ብዙ ጊዜ ከዘፈኑ ውጭ፣ በእርሻውና በከብቱ ቋንቋ ውስጥ እንደሚገኝ ይረዳል።

የቆቦና የራያ ቆላ ለዚህ ጥናት የተመቸ ስፍራ ነው። ሜዳው ከምሥራቅ በዞብል ተራራ፣ ከምዕራብ በደጋው ገደል መካከል ተዘርግቶ ይገኛል። ዐማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ በዚህ አገር ለረዥም ዘመን ተገናኝተዋል፤ ከዞብል ማዶም የአፋር ሕዝብ ጎረቤት ነው። ዋናው እህል ማሽላ ስለ ሆነ የዘፈኑ ቃል አብዛኛው ከማሽላ እርሻ ይቀዳል።

አንደኛው ወገን የእርሻ ቃል ነው። «አቀንጭራ» የሚለውን እንውሰድ። ሮዝማ ሐምራዊ አበባውን በሥዕል ብቻ ያየ የከተማ ሰው፣ በዘፈን አንዲት ሴት አቀንጭራ ስትባል ቢሰማ እንደ ውዳሴ ይቈጥረው ይሆናል። ገበሬው ግን አቀንጭራ በማሽላው ሥር ተጣብቆ ውሃውንና ምግቡን የሚመጥ፣ ዘሩም በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሊቈይ የሚችል ጠላት መሆኑን ያውቃል። ስሙም ከግብሩ የመጣ ነው፤ የሚያቀነጭር፣ ማለት ዕድገትን የሚገታ ነውና። ዛሬ የጤና ባለሙያዎች ቁመቱ የቀረበትን ሕፃን «የቀነጨረ» ሲሉ ይህንኑ ሥር ይጠቀማሉ። እንግዲህ አንድን ቃል ባለማወቅ ስድቡ ምስጋና ሆኖ ይመዘገባል ማለት ነው።

«ማማ»ም እንዲሁ ነው። ለከተማ ልጅ ረዥም ሕንፃ ይመስለዋል፤ በማሽላ አገር ግን ወፍ ጠባቂው ወንጭፉን ይዞ ግሪሳን የሚያባርርበት የእንጨት ቆጥ ነው። «ጥንቅሽ» አገዳው እንደ ሸንኮራ የሚመጠጥ ማሽላ ነው። «ወተት በጉንጬ» ሲባልም የፍቅር ቍልምጫ ይመስላል፤ ነገር ግን በወሎ እሸቱ የሚወደድ የማሽላ ስም ነው። ስሙም ከንቱ ውዳሴ አይደለም። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከኢትዮጵያ የተገኙ ሁለት የማሽላ ዓይነቶች ላይሲን በተባለው ገንቢ ንጥረ ነገር ከተለመደው ማሽላ እጅግ እንደሚበልጡ አስታውቀዋል። ወተት በጉንጬ ከዚሁ ወገን ይቈጠራል።

ሁለተኛው ወገን ከጎረቤት ቋንቋ የመጣ ቃል ነው። «መልካ» ሲባል መልክን የሚያስብ ሰው ይሳሳታል፤ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ነው። «አባ» ከፈረስ ስም ጋር ሲመጣ መነኵሴን ሳይሆን ባለቤትን ያመለክታል፤ ንጉሥ ሚካኤል «አባ ሻንቆ» የተባሉት በዚህ ዐይነት ነው። በወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች የሚጠሩበት «አበጋር» የሚለው ስም ደግሞ ለሁለት ፍች የተጋለጠ ነው፤ በኦሮምኛ «ጋሪ» መልካም፣ «ጋራ» ተራራ ነውና። እንዲህ ባለ ጊዜ ሁለቱንም ፍች ጽፎ ማኖር እንጂ አንዱን ቸኵሎ መምረጥ አይገባም።

የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። «ጉማዬ» የተባለው የራያ ዘፈን የደም ካሣ ከሚባለው «ጉማ» ጋር በድምፅ ይቀራረባል፤ ስለዚህ ግን አንዱ ከሌላው ተወለደ ብሎ መደምደም አይቻልም። ልጃገረዶች ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ የሚጫወቱት በዓል በራያ ቆቦ «ሶለል»፣ በላስታ «አሸንድዬ»፣ በዋግ «ሻደይ»፣ በትግራይ «አሸንዳ» መባሉ፣ አንድ ነገር በየቦታው ሌላ ሌላ ስም ሊኖረው እንደሚችል ያሳያል።

ታዲያ ተማሪው ምን ያድርግ? በመጀመሪያ ስንኙን እንደ ሰማ ይጻፍ፤ አያርም። ቀጥሎ ቀለሙን ይቍጠር። በወል ቤት እያንዳንዱ ሐረግ፣ በዜማ የሚዋጠው ሳድስ ሳይቈጠር፣ ስድስት ቀለም ይይዛልና ልኩ ከጐደለ ወይም ከበለጠ የአሰማም ስሕተት መኖሩን ይጠርጥር። ከዚያም መዝገበ ቃላት ይመልከት፤ የደስታ ተክለ ወልድ የ1962 ዓ.ም. መዝገብ ብዙ ይረዳል። ነገር ግን ቃሉን ከመጽሐፍ ባያገኘው «ትርጕም የለውም» አይበል። የእርሻውን ቃል ገበሬውን፣ የወፍጮውን ቃል እናቶችን፣ የከብቱን ቃል እረኛውን ይጠይቅ፤ ሁለት ሦስት ሰዎችንም ለየብቻ ጠይቆ ያመሳክር። በሁሉ ቦታ ሰምና ወርቅ መፈለግም አደጋ አለው፤ ኅብረ ቃል የመሰለው አንዳንድ ጊዜ ተራ የማሳ ቃል ነው።

ይህ ሥራ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ አይደለም። በሚያዝያ ተዘርተው ረዥም ጊዜ የሚፈልጉት እንደ ደጋሊት ያሉ የቆላ ማሽሎች፣ ዝናብ በዘገየ ቍጥር ቦታቸውን ለፈጥኖ ደራሽ ዘርና ለጤፍ ይለቃሉ። ዘሩ ከጎታ የጠፋ እንደ ሆነ ስሙ በዘፈን ብቻ ይቀራል፤ ስሙን የሚፈታ ሰው ካለፈ ደግሞ ዘፈኑ ባዶ ድምፅ ይሆናል። ስለዚህ በዕረፍት ጊዜያቸው ወደየአገራቸው የሚሄዱ ተማሪዎች ዜማውን በመቅረጫ ሲይዙ፣ ፍቹንም ከባለቤቶቹ አፍ ጠይቀው ቢጽፉ ለቋንቋችንም ለእርሻችንም ታላቅ ጥቅም ይሆናል።